በሁለት ቋንቋ ለሚሠራ ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን መሸጫ ሥርዓት እንዴት ይገዛል?

ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው የተማረበት ተቋም የትምህርት ማስረጃ ክፍያ በኦንላይን ጀምሯል ተብለው ጀልባ መነሻው አጠገብ ካለ ሱቅ ገቡ፤ አንድ ወጣት ከፈለላቸው፣ ደረሰኙንም አትሞ ሰጣቸው። ወረቀቱን አጥፈው በጋቢያቸው ሥር ይዘው መጡና በመስኮቱ አቀበሉ። የሚነበበው የገንዘቡ መጠንና በእንግሊዝኛ የተጻፈው የተቋሙ ስም ብቻ ነበር። የልጃቸው ስም፣ የአባት ስም፣ የተከፈለበት ምክንያት፣ ሁሉም ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ታትሟል። ገንዘብ ያዧ «አባቴ፣ ይሄ ደረሰኝ አይሆንም» አለቻቸው። እሳቸው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ጥፋቱ የእሳቸው መስሏቸው «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ፣ አንቺ አንብቢው» አሉ።

ያን ሥርዓት የገዛው የቴክኒክ ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የተቋሙንም የአቅራቢውንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የጀመረው እኔ ከጻፍኳት አንዲት መስመር ነውና። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ሥርዓቱ አማርኛንና እንግሊዝኛን የሚደግፍ መሆን አለበት» ብዬ ነበር። 4ቱም ተጫራቾች ከጎኑ «አዎ» ብለው ሞሉ። «አዎ» ያሉትም አልዋሹም፤ የገጹ ማውጫ በእርግጥም በአማርኛ ይታይ ነበር። ደረሰኙ፣ አጭር መልእክቱ፣ ፍለጋው፣ ሪፖርቱ ግን በሰነዱ አልተጠየቁም።

በግዥ ሥራ 17 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን መሰል ግዥ ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠርቻለሁ። የምጽፈው ለግዥ ባለሙያዎች፣ ለኮሚቴ አባላትና ለአይሲቲ ክፍሎች ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ በአማርኛ ይጻጻፋሉ። ገዢያቸውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ከውጭ አገር ለጉባኤ የሚመዘገብ ተመራማሪ፣ ሌላው የልጁን ክፍያ የሚከፍል ገበሬ።

ስፔክ (የሚገዛውን ነገር ዝርዝር መግለጫ) ከመጻፋችሁ በፊት ግቢ ለግቢ ዙሩ

«ኦንላይን ሱቅ ይገዛልን» የሚል መጠየቂያ ሲደርሳችሁ ከሌላ መሥሪያ ቤት ስፔክ ለመቅዳት አትቸኩሉ። ደብተር ይዛችሁ ውጡ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ1992 ዓ.ም. ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው የተመሠረተ፣ ግቢዎቹም ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብ፣ ዘንዘልማ፣ ሰላም እየተባሉ በከተማው ዙሪያ የተበተኑ ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ተቋም የሚሸጠውን ሁሉ በአንድ ቢሮ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የለም። ሬጅስትራር የትምህርት ማስረጃ ይሸጣል። ማተሚያ ቤት ካለ መጽሐፍና የምርምር መጽሔት አለ። የእርሻ ትምህርት ባለበት ግቢ ወተት፣ እንቁላልና ችግኝ ይኖራል፤ ጨርቃ ጨርቅ በሚያስተምረው ዘንድ ልብስ። እንግዳ ማረፊያ፣ አዳራሽ፣ አጫጭር ሥልጠና፣ የምረቃ ጋዋን ኪራይ።

እነዚህ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሸጡም። መጽሐፍ በመጋዘን ይቆጠራል። ወተት ዛሬ ካልተወሰደ ነገ የለም። አዳራሽ የሚሸጠው በቀንና በሰዓት ነው፤ ሁለት ሠርገኛ በአንድ ቅዳሜ እንዳይገናኝ ሥርዓቱ መከልከል አለበት። የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ከተከፈለም በኋላ የሬጅስትራሩን ማረጋገጫ ይጠብቃል። ከደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ማን ይገዛል፣ በስንት ቀን ይረከባል፣ ገንዘቡ በየትኛው የገቢ መደብ ይገባል፣ ሐሳቡን ቢቀይር ማን ይመልስለታል የሚሉትን ጻፉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ገዢ መሆናቸውን አትርሱ፤ እነሱ መጀመሪያ ፕሮፎርማ ይፈልጋሉ፣ ክፍያቸውም በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ወይም በዝውውር ሊመጣ ይችላል። የካርድ ክፍያ ብቻ የሚያውቅ ሱቅ እነሱን በር ላይ ያስቀራቸዋል።

ይህ ትርፍ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛው ግዥ ላይ ይህ ዙር 9 ቀን ፈጀብኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን በውል ዘመኑ አንድም «ይህ እኮ በውሉ የለም» የሚል የዋጋ ጭማሪ ጥያቄ አልመጣም።

«አዎ» ብቻ የማይመለስባቸው ጥያቄዎች

የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይህ ክፍል ነው። «አማርኛ ይደግፋል ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ። በሰነዱ ላይ እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ቀንና እውነተኛ ገንዘብ አስቀምጡና ሥርዓቱ በእነሱ ምን እንደሚያወጣ አሳዩን በሉ። እኔ የምጠቀምባቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛው የስም ርዝመት ነው። «ወልደገብርኤል ገብረመድኅን ተክለሃይማኖት» የሚል ስም አስመዝግቡ። በዩኒኮድ አጻጻፍ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ) ይይዛል፣ የላቲን ፊደል ግን 1። ርዝመትን በባይት በሚቆጥር ዳታቤዝ ላይ የስም ቦታው 50 ባይት ከሆነ፣ ከአያቱ ስም «ተ» ብቻ ትቀራለች። በላቲን ፊደል ስም ብቻ የሞከረ አቅራቢ ይህን ችግር ፈጽሞ አያየውም። በዚያው ላይ የስሙ ቦታ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ሁለት ብቻ መሆን የለበትም። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በሁለት ሳጥን ሲገደድ አንዱ የአያቱን ይጥላል፣ ሌላው ከአባቱ ጋር ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ፋይናንስ ሁለቱን ሰው አንድ ነው ወይስ ሁለት ብሎ ሲፈልግ ይውላል።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይመዘገባል፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይፈልጋል። «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» በጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ባዕዳን ናቸው። ሥርዓቱ ሲፈልግ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ መቁጠር አለበት፤ ሲያትም ግን ባለቤቱ የጻፈውን ሳይነካ ማተም አለበት። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ጨምሩ። በአንድ ሠርቶ ማሳያ ላይ አቅራቢው ፍለጋውን ለማቅለል ሁሉንም «ሀ» እና «አ» አድርጎ አስቀምጦት አየሁ፤ የሰው ስም በመታወቂያው ካለው ተለይቶ ደረሰኝ ላይ ሊወጣ ነበር። «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም» እና «ገ/ማርያም»ንም በዚሁ ሞክሩ።

ሦስተኛው ደረሰኙ ነው። በስክሪን ላይ አማርኛ ማየት ምንም አያረጋግጥም፤ ስክሪኑ የፊደሉን ቅርጽ (ፎንቱን) ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ይዋሳል። ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ ግን ፎንቱ በሰርቨሩ ላይ መጫን፣ በሰነዱም ውስጥ መካተት አለበት፤ ካልሆነ የእኚያ አባት ሳጥን ይመጣል። ስለዚህ ደረሰኙ ይታተም፣ በርካሽ ስማርት ስልክም ይከፈት፣ በኢሜይልም ይላክ። የገንዘቡ መጠን በፊደል ይጻፍ፤ 1,250.50 ከሆነ «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ከሃምሳ ሳንቲም» ብሎ፣ በእንግሊዝኛውም እንደዚሁ።

አራተኛው ቀኑ ነው። ጳጉሜን የሌለበት ሥርዓት ለእኛ ሥርዓት አይደለም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሽያጭ መዝግቡ፤ በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ቀጣዩ መስከረም 1 ቀን 2016 ሆኖ መውጣት አለበት። ከዚያም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የበጀት ዓመት ሪፖርት አውጡ ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ አዳራሽ ከጠዋቱ 3፡00 የተከራየ ሰው ሰዓቱ በእንግሊዝኛው ገጽ 9፡00 ሆኖ መታየት አለበት። ይኸው ነገር የራሳችሁን የጨረታ ሰነድም ይመለከታል፦ የውጭ ተጫራች ካለ «ከቀኑ 8፡00 ይዘጋል» የሚለውን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፣ ሰነዱ በሁለት ቋንቋ ከሆነም ልዩነት ቢፈጠር የትኛው እንደሚጸና ከወዲሁ ግለጹ።

አምስተኛው አጭር መልእክት ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ፤ ሲረዝምና ሲቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይሆናል። ስለዚህ 150 ምልክት ያለው የአማርኛ ማረጋገጫ የሚላከው በ3 መልእክት ዋጋ ነው። ለምሳሌ በዓመት 20,000 ሽያጭ ቢኖር 60,000 መልእክት ነው የምትከፍሉት። መፍትሔው አማርኛውን መተው አይደለም። መልእክቱን በ70 ምልክት ውስጥ አሳጥሮ መጻፍ ነው፤ «ክፍያዎ ደርሷል። ብር 1,250.50። ቁጥር 48213» በቂ ነው።

ስድስተኛው ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሱቅ መሆናቸው ነው። አንዳንድ አቅራቢ የአማርኛውን ገጽ ለብቻው ሌላ ሱቅ አድርጎ ይሠራዋል። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛው ያለቀ መጽሐፍ በአማርኛው ይሸጣል። አንድ ዕቃ አንድ ኮድ፣ ሁለት ስም። ገዢ በግዢው መሐል ቋንቋ ሲቀይር የመረጠው ዕቃ ሳይጠፋ እዚያው ገጽ ላይ ይቆይ። በአማርኛ የተፈጸመን ሽያጭ ኦዲተሩ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ማየት ይችል።

የገጹ አማርኛ ማን ጻፈው?

የአዝራሮቹን ጽሑፍ ለአቅራቢው መተው የለባችሁም። አብዛኛው አቅራቢ በማሽን ያስተረጉመዋል። «ወደ ጋሪ ጨምር» የሚል አዝራር አይቻለሁ፤ በከተማችን ጋሪ ፈረስ የሚጎትተው ነው፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው በእጁ የሚይዘው ዘንቢል ነው። ስለዚህ እኛ «ዘንቢል» አልን፤ ማንም ሳይጠይቅ ገባው። የመጀመሪያው ገጽ «ቤት» ሳይሆን «መነሻ» ይባል።

ከቃላቱ የሚበልጠው አክብሮቱ ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብሎ ሁሉን ያዛል። አማርኛ ግን «ክፈል» ሲል ወንድን፣ «ክፈይ» ሲል ሴትን፣ «ይክፈሉ» ሲል የሚያከብረውን ሰው ያናግራል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ «ክፈል» ይላል። ከዘጌ የመጡትን አባት «ክፈል» የሚላቸው ማንም ልጅ የለም፣ ዩኒቨርሲቲም ሊላቸው አይገባም። በሰነዱ ላይ «ሁሉም ጽሑፍ በአክብሮት ግሥ ይሁን» ብላችሁ ጻፉ። የተተረጎሙት ቃላት ዝርዝር የዩኒቨርሲቲው ንብረት እንዲሆን፣ የአማርኛ ትምህርት ክፍልም አይቶ እንዲያጸድቀው፣ ቃል መለወጥ ሲያስፈልግ የእናንተው ሠራተኛ ያለ ፕሮግራመር መለወጥ እንዲችል በውል አስገቡ።

ክፍያ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ብር የሚከፍለው በስልኩ ነው፤ የባንኮች የሞባይል አገልግሎቶችም አሉ። ሥርዓቱ ከአንድ የክፍያ መንገድ ጋር ብቻ አይታሰር፤ አዲስ መንገድ ሲጨመር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በዋጋ ሰንጠረዡ ላይ ተጫራቹ ይሙላ።

በክልላችን በአማራ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈልበት ሱቅ እዚህ አይዘልቅም። ስለዚህ ገዢው የክፍያ ቁጥር ተቀብሎ ያለ ኢንተርኔት፣ በቴሌብር አጭር ቁጥር *127# ወይም በባንክ መስኮት መክፈል መቻል አለበት፤ ገንዘቡ ሲደርስ ሥርዓቱ በዚያ ቁጥር አገናኝቶ ሽያጩን ይዝጋ። ማገናኘቱ በስም እንዳይሆን አደራ፤ የባንኩ የላቲን አጻጻፍና የመዝገባችሁ አጻጻፍ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

ደረሰኙ በገቢዎች ዘንድ ተቀባይነት እንዲኖረው የሚያስፈልገውን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የትኛው ሽያጭ ላይ እንደሚከፈልና የትኛው ነፃ እንደሆነ የፋይናንስ ክፍሉ ከጨረታው በፊት በጽሑፍ ይስጣችሁ። የካርድ ቁጥር በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ በጭራሽ አይቀመጥ።

ጨረታውና ሠርቶ ማሳያው

የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ መነሻችሁ የፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ነው፤ ጨረታውም በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓቱ በኩል ይሄዳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012ን እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ን የሕግ ክፍሉ ከሰነዱ ጋር አብሮ ያንብብ።

ከላይ ያልኳቸው 6 ሙከራዎች የማለፍና የመውደቅ መስፈርት ይሁኑ እንጂ ነጥብ አይሰጥባቸው። ነጥብ ከሆኑ ደረሰኙን በሳጥን የሚያትም ድርጅት በሌላው ጎበዝ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ሙከራዎቹ ከነስማቸውና ከነቀናቸው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ይውጡ፤ በሰነዱ ያልነበረ መስፈርት በግምገማ ላይ ማምጣት ሕገ ወጥ ነው፣ ቅሬታ ሲመጣም አያድናችሁም። ተጫራቹ ስሙን ቀድሞ አውቆ ቢዘጋጅበትስ ትሉኝ ይሆናል። ይዘጋጅ። እንዲሠራ እኮ ነው የምንፈልገው። የምርት ስም ጠርታችሁ ግን አትጻፉ፤ የሚፈለገውን ሥራ ግለጹ።

በሠርቶ ማሳያው ቀን ተጫራቹ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ እንዲያሳይ አትፍቀዱ። የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒውተር፣ የዩኒቨርሲቲውን ማተሚያ፣ አንድ ርካሽ ስማርት ስልክና አንድ ቁልፍ ያለው ስልክ አዘጋጁ። ለሁሉም እኩል ሰዓት ስጡ፣ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ይዛችሁ አስፈርሙ፣ የታተመውን ደረሰኝ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዙ። ከኮሚቴው ጎን ደግሞ በታዛቢነት ገንዘብ ያዧ ትቀመጥ። በሁለተኛው ግዥ ላይ የአይሲቲ ባለሙያዎቹ ያላዩትን ያየችው እሷ ናት፤ «ሰው ሁለቴ ቢከፍል አንዱን በየት በኩል ነው የምመልስለት?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዋጋና ውል

የ5 ዓመት ወጪውን አወዳድሩ። ፈቃዱ፣ ሰርቨሩ፣ በየሽያጩ የሚቆረጠው፣ አጭር መልእክቱ፣ ሥልጠናው፣ ጥገናው፣ ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ይሞላ። መጀመሪያ ርካሽ መስሎ በየሽያጩ የሚቆርጥ ሥርዓት፣ ሽያጫችሁ በጨመረ ቁጥር ውድ ይሆናል።

በውሉ ላይ ለመለያየት የሚሆነውን አንቀጽ ሳትጽፉ አትፈርሙ፦ ውሉ ሲያበቃ የሽያጭ፣ የገዢና የደረሰኝ መዝገቡ በሙሉ፣ ግዕዙ ሳይበላሽ፣ በሌላ ሥርዓት ሊነበብ በሚችል ፋይል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። ይህም በየዓመቱ አንዴ በሙከራ ይረጋገጥ። ሥልጠናውና የእርዳታ ስልኩ በአማርኛም ይሁን።

ርክክብ

በርክክብ ቀን በእውነተኛ ገንዘብ ግዙ። እኛ 10 ብር በማይሞላ ዕቃ ጀመርን፤ ከየግቢው አንድ ሰው፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ። ከዚያ አንዱ ገንዘቡ ይመለስልኝ አለ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ቆጠርን። በማግሥቱ የባንኩ መግለጫና የሥርዓቱ ሪፖርት እስከ ሳንቲሙ መግጠማቸውን ፋይናንስ ፈረመ።

የመጨረሻውን ክፍያ ግን አንድ ጳጉሜን እስኪያልፍ ያዙ፤ ይህንንም በውሉ የክፍያ አንቀጽ ላይ ከመጀመሪያው አስፍሩት። በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያቺ ክፍያ በቀጣዩ ዓመት በጀት እንድትያዝ በግዥ ዕቅዱ ላይ ቀድማችሁ አስገቧት። በሁለተኛው ግዥ ሥርዓቱ በሙከራው ቀን ጳጉሜንን በትክክል አሳይቶ አልፏል፤ ሚያዝያ ላይ ተረከብነው። ጳጉሜን 3 ቀን ግን የዕለቱ የሽያጭ ሪፖርት «ነሐሴ 33» ብሎ ወጣ። ሪፖርቱን የሚያወጣው ክፍል ሌላ የቀን መቁጠሪያ ይጠቀም ኖሯል። አቅራቢው 10 በመቶው ክፍያ እጃችን ላይ ነበረና ባለሙያውን በማግሥቱ ላከ፤ ጳጉሜን 5 ከሰዓት በኋላ ተስተካከለ። ክፍያውን መስከረም 8 ፈረምኩ።